የተዘጋ ድምፅ በጩኸት ሰፈር



በዚህ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ፣ አንድ ሰው ሱቁን ዘግቶ፣ ሒሳቡን ቆልፎ፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ራቱን በልቶ ከተኛ በኋላ ሌሊት በአልጋው ላይ ሞቶ የተገኘ እንደሆነ፣ ጎሕ ሳይቀድ የዕድሩ ጡሩምባ በየመንደሩ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ክርስቲያን ቢሆን ካህናቱ ፍትሐቱን ይጀምራሉ፤ ሙስሊም ቢሆን ገላው ታጥቦና ተከፍኖ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ መቃብሩ ይሸኛል። ከዚያም በድንኳኑ ውስጥ ከንፍሮውና ከቡናው ጋር አንድ ጥያቄ እስከ ሠልስቱ ድረስ ይዞራል፤ ምን አገኘው? መልሱ ብዙ ነው። አንዱ ልቡ ነው ይላል፤ ሌላው ደም ብዛት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምቀኛ መድኃኒት አቅምሶት ነው ይላል፤ በመጨረሻም አንድ ሽማግሌ ቀኑ ደርሶ ነው ብለው ክርክሩን በሃይማኖት ይዘጉታል። እኔ በበኩሌ የሽማግሌውን ቃል አልቃወምም፤ ነገር ግን ከእነዚህ መልሶች መካከል፣ በሟቹ አንገት ወይም ከደረቱ አጥንት በስተጀርባ ለብዙ ወራት በስውር ሲያድግ የኖረ ዕጢ የእስትንፋሱን መንገድ ዘግቶበት ይሆናል የሚል አንድም ሰው አለመሰማቱ ስለሚያሳስበኝ፣ ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለዚሁ ነው።

ይህን ስል በድንገት የሚሞተውን ሁሉ ዕጢ አፈነው ማለቴ አይደለም። ከድንገተኛ ሞት የሚበዛው የልብና የአንጎል የደም ሥሮች ጣጣ መሆኑን ሐኪሞች የተስማሙበት ነው፤ በዕጢ ታፍኖ የሚሞተው ከእነዚያ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ጥቂቱን መርጬ የመጣሁበት ምክንያት ግን አለኝ። የልብ ደም ሥር የተዘጋበት ሰው ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሳይደርሰው ይወድቃል፤ ይህኛው ሞት ግን ከመምጣቱ አስቀድሞ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ሙሉ መልእክተኛውን እየላከ ይቆያል፤ መልእክተኛውም በቤት፣ በሱቅና በመንገድ ሁሉም ሰው እየሰማው የሚያልፍ ነው። እንግዲህ ድንገተኛ የምንለው እኛ ቀባሪዎች ነን እንጂ ሕማሙ ራሱ ድንገተኛ አይደለም።

ነገሩ እንዲገባን አስቀድመን የእስትንፋስን መንገድ እንይ። የኦሪት ጸሐፊ የሰውን ሕይወት ከአፈሩ ሳይሆን ከእስትንፋሱ ማስጀመሩ ለሐኪምም ለካህንም የሚስማማ ጥበብ ነው። ፈጣሪ ለሰው ዓይንን ሁለት፣ ጆሮን ሁለት፣ ኩላሊትን ሁለት፣ ሳንባንም ሁለት አድርጎ ሲሰጠው፣ ከማንቁርቱ ሥር ተነሥቶ በደረቱ ውስጥ ወደ ሁለት እስኪከፈል ድረስ የሚወርደው የአየር ቧንቧ ግን አንድ ብቻ ነው፤ በጎልማሳ ሰው ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ የውስጡም ስፋት ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ለዚህም ከዚህ ስፋት እጅግ ያነሰው ይበቃዋል። የቀረው ትርፍ ነው፤ ለሩጫ፣ ለሸክም፣ ለጩኸትና ለሳቅ የተቀመጠ ትርፍ። ዕጢ አስቀድሞ የሚበላው ይህንን ትርፍ ስለሆነ፣ ሰውየው ተቀምጦ ሒሳብ ሲያደርግ ምንም አይታወቀውም። የቧንቧው ስፋት ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፤ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ግን ዐርፎ ተቀምጦ እንኳ ትንፋሹ ይጮኻል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው በፍጥነት የሚሆን ነው። ፑአዜይ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አካባቢ በቀጫጭን ቧንቧዎች የሚያልፈውን ፈሳሽ ሲመረምር ባገኘው ሕግ መሠረት፣ የቧንቧ ስፋት በግማሽ ሲጠብ የሚያልፍበት ነገር የሚገጥመው እምቢታ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ይሆናል።

በእናንተ በነጋዴዎች ቋንቋ ልናገረው። በሸማ ተራ ወይም በቦምብ ተራ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሁለት ባለ ሱቆች ከግራና ከቀኝ ዕቃቸውን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ እየገፉ ቢያወጡ፣ አላፊው ሰው ለጥቂት ወራት ትከሻውን እያጠበበ ያልፋል፤ ማንም አይከስም፤ አንድ ቀን ግን ባለ ሸክም በአንድ ወገን፣ ባለ ጋሪ በሌላው ወገን የገቡ ጊዜ መተላለፊያው በአንዲት ደቂቃ ይቆለፋል። ለዕጢውም ያቺ ቀን ስትመጣ ምክንያት የምትሆነው ትንሽ ነገር ናት፤ ጉንፋን ያመጣት አክታ፣ በዕጢው ውስጥ የፈሰሰች ጥቂት ደም፣ ወይም በጀርባ መንጋለል ብቻ። ከደረት አጥንት በስተጀርባ ያለ ዕጢ ሰው በተንጋለለ ጊዜ ክብደቱን በቧንቧው ላይ ይጥላልና ብዙውን ጊዜ የሚያንቀው ሌሊት ነው። አንጎልም አየር ካጣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ድረስ ብቻ ነው ጉዳት ሳይደርስበት የሚታገሠው። እንግዲህ «ትናንት እኮ ሲሠራ ነው የዋለው» የሚለው የለቅሶ ቤት ቃል እውነት ነው፤ ትናንት ሲሠራ የዋለው ግን በትርፉ ሳይሆን በቀረችው ሚሊ ሜትር ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ጣልያን በወረራው ዘመን የሀገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደዚህ ካዛወረው ወዲህ፣ መርካቶ በድምፅ የሚተዳደር ከተማ ሆኗል። ዋጋ የሚጠራው ነጋዴ፣ ገዢና ሻጭ የሚያስማማው ደላላ፣ በአውቶቡስ ተራ የሀገር ስም እየጠራ ተሳፋሪ የሚሰበስበው ረዳት፣ መንገድ ልቀቁ እያለ የሚያልፈው ወዛደር፣ ሁሉም እንጀራቸውን የሚጋግሩት በጉሮሯቸው ነው፤ በቅዱስ ራጉኤል የሚዘምረው ደብተራና በጎረቤቱ በአንዋር መስጊድ አዛን የሚያሰማው ሙአዚንም እንዲሁ። ስለዚህ በሌላ ሰፈር ድምፁ የሻከረ ሰው ቢታይ ምን ሆነሃል ተብሎ ይጠየቃል፤ በመርካቶ ግን ገበያ እንደ ቀናው ተቆጥሮ ይመሰገናል። የማንቁርት ካንሰር በድምፅ አውታሮች ላይ ሲነሣ የመጀመሪያውና ለብዙ ጊዜም ብቸኛው ምልክቱ ይኸው የድምፅ መሻከር ነው። በዚያን ጊዜ የተገኘ እንደሆነ ከ10 ሰው 8ቱ ወይም 9ኙ በጨረር ወይም በቀላል ቀዶ ጥገና ይድናሉ፤ ትንፋሽ እስኪያንቅ ተጠብቆ ሲገኝ ግን ማንቁርቱን ሙሉ በሙሉ ከማውጣት በቀር ሌላ መንገድ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ሐኪሞች ያስቀመጡት ሥርዓት አጭር ነው፤ ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መሻከር፣ በተለይ ሲጋራ በሚያጨስና ጠንካራ መጠጥ በሚያዘወትር ሰው ላይ ከሆነ፣ ጉሮሮው በመሣሪያ ሳይታይ አይታለፍም። ይህ ሥርዓት የተጻፈው ጸጥታ ላለበት ሀገር ይመስላል። እዚህ 3 ሳምንት ሙሉ ድምፁ ያልሻከረ ደላላ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሆኖም እሑድ ዐርፎ፣ በዓል ውሎም የማይመለስ ድምፅ የጩኸት ድካም አይደለም።

ሌላው የዚህ ሕማም ምልክት፣ ሳሉም እንደዚሁ ነው። በበርበሬ በረንዳ የሚውል ሰው ስላልሳለ እንጂ ስለሳለ የሚጠይቀው የለም። በምን አለሽ ተራና በቆርቆሮ ተራም ብረቱ ሲቆረጥና ሲፈጭ የሚነሣው ብናኝ ለሁሉም እኩል ስለሚደርስ፣ የአንዱ ሳል ከሌላው ሳል ጋር ተደባልቆ ይጠፋል።

ስለ ወዛደሮቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ሂዩ ፔምበርተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1946 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው አጭር ደብዳቤ፣ እንቅርቱ ወደ ደረቱ የወረደ ሰው ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ ጥቂት ሲቆይ ፊቱ እንደሚቀላና እንደሚያብጥ፣ ትንፋሹም እንደሚያጥረው ገለጸ፤ ምልክቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እጆች ሲነሡ የደረት የላይኛው በር ይጠብና ዕጢው ደም ሥሩንና ቧንቧውን ይጨብጣል። እንግዲህ ኩንታል በራሱ ላይ ጭኖ በሁለት እጆቹ ደግፎ ከእህል በረንዳ እስከ መኪናው የሚሄድ ሰው፣ የሀኪም ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ያንን ምርመራ በየቀኑ ሲያደርግ ይውላል። ፊቱ ሲደምቅና ሲያብጥ አብረውት የሚሸከሙት ያያሉ፤ የሚሉት ግን ጭነቱ ከብዶት ነው የሚለውን ነው።

ሕማሙ በሌላ ስም መጠራቱ የሰፈራችን ብቻ ጥፋት አይደለም። የጉሮሮ ነገር ሲነሣ መጀመሪያ ብርድ ነው፤ ቀጥሎ ቶንሲል ነው፤ ልጅ ከሆነ እንጥሉ ወርዶ ነው ተብሎ እንጥል ቆራጭ ዘንድ ይወሰዳል፤ ወይም ቶንሲሉን ያስቧጥጡታል። ድምፁ ተዘግቶ የቆየ ሕፃን በማንቁርቱ ውስጥ በቫይረስ የሚመጣ ኪንታሮት መሰል ዕጢ ሊኖርበት እንደሚችልና ይህም ሳይታይ ከቀረ አየሩን ሊዘጋበት እንደሚችል የሚያስብ ወላጅ ጥቂት ነው፤ እንጥሉን ያስቆረጠው ግን ብዙ ነው። ጎልማሳው ደግሞ አስም ነው ይባልና በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ይሰጠዋል። የአስም ፉጨት በብዛት አየር ሲወጣ የሚሰማ ሲሆን፣ ከማንቁርት ወይም ከላይኛው ቧንቧ የሚመጣው ድምፅ ግን አየር ሲገባ አንገት ላይ የሚሰማ ነው፤ ይህን ለመለየት ጆሮ እንጂ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአንገቱ ላይ እብጠት የታየበትም ወጣት፣ በሀገራችን ቲቢ የሚባለው የነቀርሳ በሽታ ስለሚበዛ፣ ናሙናው ሳይመረመር የነቀርሳ መድኃኒት ለወራት የሚወስድበት ጊዜ አለ፤ ያ እብጠት ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር ከሆነ ከደረት አጥንት በስተጀርባ ያለው ክፍሉ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያድጋል። ከዚህም የከፋው ፕሬድኒሶሎን የመሰለውን ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ነው። ክኒኑ እብጠቱን ለጥቂት ሳምንት ያሳንሰዋል፤ ሰውየውም ዳንሁ ብሎ ያመሰግናል፤ ሐኪሙም በኋላ ናሙና ሲወስድ ሊምፎማው ተሸሽጎ ሊያጣው ይችላል።

ይህ ሁሉ ከድህነትና ካለማወቅ የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ፣ አንድ ንጉሥ ላንሣለት። አጤ ዮሐንስ መተማ ላይ ከመውደቃቸው ዘጠኝ ወር ያህል አስቀድሞ፣ በሰኔ 1880 ዓ.ም.፣ የጀርመን ቄሳር ፍሬድሪክ ሣልሳዊ በነገሡ በ99 ቀናቸው ዐረፉ። ድምፃቸው መሻከር የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ያህል አስቀድሞ፣ አልጋ ወራሽ ሳሉ ነበር። የበርሊን ሊቃውንት ነገሩን ካንሰር ነው ብለው ጠርጥረው ቀዶ ጥገናውን ሊያዘጋጁ ሳለ፣ ከሎንዶን የተጠሩት ታላቁ የጉሮሮ ሐኪም ሞሬል ማኬንዚ መጀመሪያ ናሙና ይመርመር አሉ፤ ናሙናውን የመረመሩት ደግሞ በዘመኑ አቻ ያልነበራቸው ሩዶልፍ ፊርኾቭ ነበሩ፤ ካንሰር አላገኙበትም። ቀዶ ጥገናው ቀረ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ላይ ካንሰርነቱ ተረጋገጠ፤ በየካቲት ትንፋሻቸው ሲታፈን ጉሮሯቸው ተቀዶ የብር ቱቦ ገባላቸው፤ ዙፋኑን በወረሱ ጊዜም ለሚኒስትሮቻቸው የሚናገሩት በወረቀት ላይ እየጻፉ ነበር። የታሪክ ሊቃውንት እኒያ ቄሳር ቢኖሩ ኖሮ አውሮፓ ምን ትሆን ነበር እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኔ ግን ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ናሙናው አልታመመም ያለው ጉሮሮ ድምፁ ካልተመለሰ ዳግመኛ መታየት አለበት። ደግሞም ቱቦው፣ ዕጢውን ባያድነውም፣ ለአንድ ንጉሥ አራት ወር ሕይወትና አንድ ዘውድ ሰጥቷል። በሀገራችን ሐኪሙ ጉሮሮውን ቀድዶ ቱቦ ሊያስገባ ሲል ዘመድ «ጉሮሮውን ሊበሱት ነው» ብሎ ታማሚውን ከሆስፒታል ይዞ የሚወጣበት ጊዜ መኖሩን ስሰማ ያ ቱቦ ትዝ ይለኛል።

ማንቁርትን በሕያው ሰው ውስጥ ለማየት መንገዱን የከፈተው ሐኪም አልነበረም፤ ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ የዜማ መምህር እ.ኤ.አ. በ1854 በጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የገዛ ድምፅ አውታሮቹን አይቶ ነው። በድምፁ የሚኖር ሰው ድምፁን ለማየት መጀመሪያ መነሣቱ ለመርካቶ ሰው የሚያኮራው መሰለኝ። ዛሬ ያው ምርመራ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ በኩል ወደ ጉሮሮ በማውረድ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

እንቅርትንም ሳላነሣ ብቀር አባቶች ይታዘቡኛል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሕዝብ እንቅርትን የሚያውቀው በአንገት ላይ በማየት ነው። አብዛኛው እንቅርት ማንንም አያንቅም፤ የሚያስፈራው ወደ ደረት ውስጥ የወረደው ነው፤ በአንገት ላይ ትንሽ መስሎ ይታያልና። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት የሀገራችን ሴቶች መካከል 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው ገልጿል። ምክንያቱም አዮዲን የሌለው ጨው ነው። ጨው በአዮዲን እንዲታከም የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከአፋር፣ በተለይም ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው ደግሞ በብዛት የሚገባውና የሚከፋፈለው በእናንተ ሚዛን ነው። ስለዚህ ጨው የምትነግዱ፣ ጨዉን ከፀሐይና ከርጥበት እንድትጠብቁት እለምናችኋለሁ፤ አዮዲኑ በእነዚህ ይጠፋልና። የስዊዘርላንዱ ቴዎዶር ኮኸር በተራራማው ሀገሩ በዝቶ የነበረውን የእንቅርት ቀዶ ጥገና ከ100 ሰው አንድ እንኳ የማይሞትበት አድርጎ በ1909 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል፤ ሀገሩ ግን ቢላዋውን ያሳረፈችው በኋላ ጨውዋን በማከም ነው።

ወደ ሞታችን ልመለስና የምለምናችሁን ልናገር። በከተማችን የአስከሬን ምርመራ ለረጅም ዘመን በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሲደረግ የኖረ ነው፤ የሚላከው ግን በአብዛኛው ፖሊስ ወንጀል የጠረጠረበት አስከሬን ነው። በቤቱ በሰላም የሞተውን ዘመድ ቀድዶ ለማየት ቤተ ሰብ አይፈቅድም፤ ይህን አልነቅፍም፤ የሃይማኖታችንም የክብራችንም ነገር ነው። ውጤቱ ግን የሞቱ ምክንያት ከሟቹ ጋር መቀበሩ ነው። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በከተማው የመቃብር ስፍራዎች፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በሙስሊም መካነ መቃብሮች፣ የሚቀበረውን ሰው ዕድሜና አድራሻ፣ ዘመድ የሚናገረውንም የሞት ምክንያት እያስመዘገቡ ኤድስ ያደረሰውን ጥፋት መርምረዋል፤ ብዙ ጊዜ ዘመድ የሚናገረው የሳንባ ሕመምን ወይም ብርድን የመሰለ ስም ነበር፤ ሊቃውንቱም ከዚያ ስም በስተጀርባ ያለውን እውነት ለማንበብ ተምረዋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በሕይወት ሳሉ ሐኪም የደረሰባቸውን ይመዘግባል። ሐኪም ያልደረሰባቸው በዚያ መዝገብ ውስጥ ስም የላቸውም።

የዕድር መዝገብ ግን አለን። በዚህ መዝገብ ላይ የሟች ስም፣ ቀኑና የተከፈለው ገንዘብ ይጻፋል። የዕድር ጸሐፊዎች ሆይ፣ አንድ ዐምድ ጨምሩበት፤ ሠልስቱ ካለፈ በኋላ፣ በለቅሶው መካከል ሳይሆን፣ ከቤተ ሰቡ ጋር ሲረጋጋ የሚጠየቁ ጥቂት ጥያቄዎች፤ ድምፁ ሻክሮ ከነበረ ከስንት ጊዜ ጀምሮ? ተንጋልሎ መተኛት ስለማይችል፣ ተቀምጦ ወይም በትራስ ተደግፎ ያድር ነበር? ሲተነፍስ ሌላ ሰው የሚሰማው ድምፅ ነበረው? በአንገቱ ወይም በፊቱ ላይ እብጠት ታይቶበት ነበር? ምን መድኃኒት ይወስድ ነበር? መልሱ ሟቹን አይመልሰውም፤ ነገር ግን አምስት መልስ የተሰበሰበበት መዝገብ ለጤና ጣቢያው ቢቀርብ፣ ሐኪሙ ስለዚህ ሰፈር የሚያውቀው ነገር ይጨምራል፤ መጠየቅ የለመደ የዕድር ዳኛም ያንኑ ጥያቄ በሕይወት ያለውን ደላላ ሊጠይቀው ይጀምራል።

አሁኑኑ ትንፋሹ በአንገቱ ላይ እየጮኸ፣ ከንፈሩ እየጠቆረ የምታገኙት ሰው ካለ ደግሞ መዝገብና ዐምድ አትጠብቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ እሱ የሚዘገይ ከሆነ በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ በጤና ጣቢያ ደጃፍ ተራ አትያዙለት። ለመተንፈስ የሚመቸውን አቀማመጥ ራሱ ያውቀዋልና ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ መቀመጥ ከፈለገ ተዉት፤ ያርፍ ብላችሁ በጀርባው አታስተኙት፤ ምግብም ውሃም አትስጡት። ለሐኪሙም አስም ነው ብላችሁ አትጀምሩ፤ ድምፁ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተዘጋ፣ ስንት ሌሊት ተቀምጦ እንዳደረ ንገሩት።